የመጀመሪያው ሳህን

ወንድሟ «እታለም» ይላታል፤ ሚስቱ «እትዬ»፤ ልጃቸው ደግሞ «አክስቴ»። በአጠራር የሚያህላቸው የለም። በሌላ ሌላው ግን፣ ይቆየን።

እታለም ባል አላገባችም። አንድ አናጢ ጠይቋት ነበር፤ እጁ የተባረከ፣ ሰው አክባሪ። ያኔ ወንድሟ እናትም አባትም የሌለው ትንሽ ልጅ ነውና «ይሄን ለማን ጥዬ?» ብላ አናጢውን መለሰችው። ልጁ አድጎ ሰዓት ሠሪ ሆነ፣ አገባ፣ ቤት ሠራ። ለእሷም ከማድ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍልና የኋላው ጓሮ ደረሷት።

ጓሮውን ግን ያየ ይመስክር። ዱባው አጥር ላይ ይንጠላጠላል፣ ባቄላው ተሰልፎ ይቆማል፣ ጎመኑ ሲቀነጠስ መልሶ ያቆጠቁጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ከከተማው ጫፍ ወዳለው ጫካ ትወርዳለች። መጀመሪያ ለጋ ሳማ ነው፤ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ትቀጥፈዋለች። ዝናቡ ሲጠና እንጉዳይ ትለቅማለች፣ ፀሐይ ስትመለስ የዱር እንጆሪ። ከሱቅ የምትገዛው ጨውና ዘይት ብቻ ነው። እንጉዳዩን በነጭ ሽንኩርት ስትጠብሰው ጎረቤቱ ሁሉ ሰበብ ፈልጎ በበሩ ያልፋል።

ከጫካ ያመጣችውን በሠራች ቀን የመጀመሪያው ሳህን የእሷ ነው። የወንድሟ ሚስት በእጇ ትቀዳላትና «እትዬ ሳትቀምስ ማን ይደፍራል!» ትላለች። እሷ ስትበላ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩዋታል። ሰዓት ሠሪው የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ብርጭቆው አጠገብ ያስቀምጣል። እሷ የሙያ አመል ይመስላታል። ወሬ ይወራል፣ ይሳቃል፣ ምግቡም ይቀዘቅዛል፤ እሱ ሰዓቱን መልሶ ሲያስር ሁሉም ይቀርባሉ። በዱባና በጎመን ቀን ይሄ ሁሉ ክብር የት እንደሚገባ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም። እንዲያውም ለጎረቤት ትኮራበት ነበር፤ «እኔ ካልቀመስኩ አይነኩም» እያለች።

የወንድሟ ልጅ ያገባ ክረምት እንጉዳይ ቀረበ። ሙሽሪት የቤቱን ወግ ገና አልለመደችም። «አክስቴ እንዴት ብቻቸውን ይበላሉ?» ብላ ወንበሯን አስጠጋችና ማንኪያዋን ወደ ሳህኑ ሰደደች። ሰዓት ሠሪው እጇን ቀብ አደረገው።

«ቆይ ልጄ፣ ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

ባሏ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ፤ ሹክሹክታ ግን አልተማረም። «መርዘኛ ከሆነ መጀመሪያ እሷ ላይ ይታያል። ትንሽ እንጠብቅ።»

እታለም የጎረሰችው አፏ ውስጥ ነበር። ዋጠችው። ከቤቱ ሰው የደነገጠ የለም፤ ያፈረም የለም።

«እትዬ ታውቀዋለች እኮ» አለች የወንድሟ ሚስት። «አታውቂም እንዴ?»

«አውቃለሁ» አለች እታለም። ምን ትበል?

ሙሽሪት ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እታለም ያንን እንባ ይዛ ክፍሏ ገባች።

የሚያስቀው፣ የሚያስቅ ከሆነ፣ ክፉ እንጉዳይ ሰውን የሚጥለው በማግሥቱ ነው። የሰዓት ሠሪው ሰዓት እስከዛሬ የጠበቀው ነገር አልነበረም፤ እነሱን በሕይወት ያቆያቸው የእሷ ዓይን ነው። ይሄን ልትነግራቸው ትችል ነበር። አልነገረቻቸውም፤ የሚያንገበግባት ሌላ ነበርና። ብወድቅ መጀመሪያ ወደ እኔ ይሮጣሉ ወይስ ወደ ድስቱ? ዓመቱን ሙሉ ጓሮውን ስትኮተኩትም፣ ባቄላ ስትፈለፍልም ይሄው ነበር ሐሳቧ። ወንድሟን ተጠራጠረችው። በሙሽሪት ግን ተስፋ አደረገች።

ክረምቱ ዞሮ መጣ። ሙሽሪት ወልዳ ጨቅላዋን ታቅፋለች። እታለም እንጉዳዩን አቀረበች፣ የመጀመሪያው ሳህን ተቀዳላት፣ ሰዓቱ ተፈታ። ሳህኗን አጋምሳ ማንኪያውን ከእጇ ለቀቀችው። አንገቷን ወደ ጎን ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

ወንበር ተንሸራተተ፣ ቀለል ያለ እርምጃ ተሰማ። የሙሽሪት ነው። የእታለም ልብ በደስታ ዘለለ፤ እጇ ትከሻዬን ሊነካኝ ነው ብላ ጠበቀች። እርምጃው አልፏት ሄደ።

«ድስቱን ድፉት» አለች ሙሽሪት። «ልጁን ያዙልኝ፤ ነክቶት እንደሆነ አፉን እዩልኝ።»

«ማንኪያዋንም ጣሉት» አለች የወንድሟ ሚስት።

«ሰዓቱ እኮ ገና አልሞላም» አለ ወንድሟ። ግራ የተጋባ ነው የሚመስለው።

የጓሮው በር ተከፈተ። እንጉዳዩ ባቄላዋ ላይ ሲፈስ ሰማችው። ከዚያም የልጁ አፍ ሲታጠብ፣ ሳሙና ሲፈለግ፣ እጅ ሲፈተግ ሰማች። እሷን የነካ የለም። ሲበቃት ዓይኗን ገለጠች።

«አንቀላፍቼ ነው» አለች።

«አስደነገጥሽን እኮ፣ እታለም» አለ ወንድሟ፣ ሰዓቱን እያሰረ።

ሚስቱ ባዶውን ድስት አየችው። «ወይ ጉድ፣ በከንቱ ደፋነው። በይ እትዬ፣ ቶሎ የሚደርስ ነገር ሥሪልን፤ ሰው አልበላም።»

እታለም ተነሳች። ከጓሮ ጎመን ቀንጥሳ አጠበች፣ ከተፈች፣ ጣደች። ሲደርስ አቀረበችና እጇን ልትታጠብ ወጣች። የጓሮ ጎመን ስለነበረ ማንም አልጠበቃትም፤ ስትመለስ ድስቱን ተጠርጎ አገኘችው።