ልመርቃት ያልቻልኳት መኪና

በዚያ ጠዋት አምስት ሰዎች ነበርን። እኔ በጋራዡ ግንብ ሥር፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጄ ሽመልስ ከነጩ ፒካፕ ፊት፣ በተከፈተው ኮፈን ሥር ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ያያል። የፒካፑ ባለቤት አቶ ደምሴ ክንዳቸውን በሾፌሩ መስኮት ላይ አስደግፈው ቆመዋል። የምራቴ ወንድም ጌጡ በሁለቱ መኪኖች መካከል ወዲያ ወዲህ ይላል። ደላላው ደግሞ ከሰማያዊዋ መኪና ጎን ሆኖ ቁልፏን በጣቱ ያሽከረክራል። የሰማያዊዋ ባለቤት ወደ ሌላ አገር የተዛወረች ነርስ ስለሆነች ቁልፉን ለእሱ ትታለት ሄዳለች።

ቦታው ሞላሌ ነው። ጊዜው ያለፈው ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ። ማን የት እንደቆመ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ትዝታዬ ከሌላው ሰው ስለበረታ አይደለም። በዚያ ጠዋት ያደረግሁት ትክክል ይሁን ስህተት ቁጭ ብዬ ባሰብኩ ቁጥር ሁሉም በየቦታቸው ቆመው ስለሚታዩኝ ነው። ሽመልስ ዛሬም እየመጣ ይጠይቀኛል። ስለዚያ ቀን ግን እሱም አያነሳ፣ እኔም አላነሳ።

ሽመልስ ለብዙ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። ካቻምና ጭነት ሲያስሩ ከላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። ሐኪም ቤት ተኛ፣ ጠበልም ተጠመቀ፣ ተነሳ። ያየው ሁሉ ድኗል አለ። እሱም ድኛለሁ አለ። ሥራውን ግን ለቆ ወደ ሞላሌ ተመለሰ።

እዚህ ከመጣ በኋላ ከጌጡ ጋር መኪና በሽርክና ለመግዛት ተስማሙ። ጌጡ ሱቅ ያለው፣ መንዳት የማያውቅ ሰው ነው። ሐሳባቸው ሽመልስ እየነዳ ከሞላሌ ጣርማበር፣ ሲመች እስከ ደብረ ብርሃን ሰውና ዕቃ ማመላለስ ነበር። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው እንዴት እንደሆነ ያውቃል። ብዙ ቦታ ላይ መኪናው የሚያልፈው በገደል አፋፍ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን መንገድ በግምት ነው የሚሄደው።

ያን ዓመት በኅዳር ወር ሽመልስ የገብስ ጆንያ ተሸክሞልኝ ሲመጣ ደጃፌ ላይ ግራ እግሩ ታጠፈ። ጆንያው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ወደቁ። ያደናቀፈው ነገር አልነበረም። እየሳቀ ተነሳ። ትኩር ብዬ ሳየው ሳቁን ተወ። ግራ እግሩ አንዳንድ ቀን እንደሚደነዝዝ፣ መሬት መርገጡን እንኳ እንደማይሰማው፣ ሌላ ቀን ደግሞ ምንም እንደማይሆን ያን ጊዜ ነገረኝ። ለሚስቱ አልነገራትም ነበር። ለጌጡም አልነገረውም።

ለጌጡ ንገረው አልኩት። ጌጡ ካወቀ መኪናውን ለሌላ ሾፌር ይሰጣል አለኝ።

«እኔስ ምን ልሆን ነው? ከኋላ ተንጠልጥዬ ተሳፋሪ ልጣራ?»

እግሩ ቀስ በቀስ እንደሚሻለው፣ ሐኪሙም ጊዜ ይፈልጋል እንዳለው ነገረኝ። አላመንኩትም፤ ይህንንም ከፊቴ አወቀ። ያን ጊዜ ልጅ በእናቱ ላይ የማያደርገውን አደረገ። ለማንም ሰው እንዳልናገር በሚካኤል ገዘተኝ። በእኛ ዘንድ ግዝት የሚጥለው ካህን ነው፣ ወይም በዕድሜ የገፋ ሽማግሌ። ልጅ እናቱን አይገዝትም። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም ደነገጠ። ግን አላነሳልኝም።

ንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። ለመጠየቅ ደግሞ ነገሩን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ተውኩት። በዚያ ጠዋት ሽመልስ መጥቶ «እማዬ፣ መኪና ልንመርጥ ነው፣ ነይና መርቂን» ሲለኝ ይህን ሁሉ ይዤ ነው የተከተልኩት።

ከሁለቱ መኪኖች ፒካፑ በናፍጣ የሚሠራ፣ ማርሹ በእጅ የሚቀያየር ነው። ሰማያዊዋ ከፍ ያለች የቤት መኪና ነች። የምትሠራው በቤንዚን ነው፣ አውቶማቲክ ነች። ስለ መኪና የማውቀው ጥቂት ነው። ይህን ያህሉን ግን ሽመልስ ራሱ መንዳት በተማረበት ጊዜ አስረድቶኛል፤ ማርሹ በእጅ በሚቀያየር መኪና በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን አለ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እሱ ይረገጣል። አውቶማቲክ ላይ ፍሪሲዮን የለም። ግራ እግር ሥራ የለውም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ጌጡ ሰማያዊዋን ወዷታል። ሞዴሏ ከፒካፑ አዲስ ነው፣ አልተጋጨችም፣ ውስጧ ንጹሕ ነው። በሯን ከፍቶ ይዘጋል፣ እንደገና ከፍቶ ይዘጋል።

አቶ ደምሴ ቆመው አዩትና ከዚያ ተናገሩት። «ጌጡ፣ የእሷ አውቶማቲክ ካምቢዮ የተበላሸ ቀን መንዝ ውስጥ የሚከፍተው ሰው ፈልግልኝ። በሌላ መኪና ላይ ጭነህ አዲስ አበባ ነው የምትወስዳት። መኪና ገዝተህ ለመኪናህ ሌላ መኪና ልትከራይላት ነው?»

ደላላው ከሁለቱም ሻጮች ኮሚሽን ስለሚያገኝ ለማንም አያደላም ነበር። ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነለትም። «የእርስዎ ሞተር ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ሞላሌ በሙሉ ከእንቅልፉ ይነቃል» አላቸው። «ለቅዳሴ ደወል አያስፈልገንም።»

አቶ ደምሴም ሳቁ። የመኪናቸው ድምፅ እንደሚጮኽ አልካዱም።

ሽመልስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከኮፈኑ ሥር ወጣ። ለጌጡ ቀስ አድርጎ አስረዳው። አውቶማቲክ ለከተማ ጥሩ ነው አለ። እዚህ ግን ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው በሞተሩ ካልያዟት ፍሬን ላይ ብቻ መንጠልጠል ይሆናል። ፍሬኑ ሲግል መያዝ ይተዋል። ናፍጣው ደግሞ ጭነትና ዳገት ይችላል፣ መለዋወጫውም ደብረ ብርሃን ይገኛል። እያንዳንዱን ነገር ሲናገር የድሮው ሽመልስ ነበር። ጌጡ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማዋል።

የከበደኝ ይህ ነው። የሚሉት ሁሉ እውነት ነበር። ሁለት እግሩ ጤነኛ ለሆነ ሰው በዚያ መንገድ የሚሻለው ፒካፑ ነው። ልጄ እየዋሸ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር።

እኔ ሰማያዊዋ ትሻላለች አልኩ። ጌጡ ዞር ብሎ በአክብሮት ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። መቀመጫዋ ይመቻል፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው አልኩት።

«እማማ ለቤተ ክርስቲያን መሄጃቸው ነው ያሰቧት» አለ ደላላው።

ሁሉም ሳቁ። ሽመልስም ሳቀ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

ከዚያ አቶ ደምሴ ፒካፑን ነድቶ እንዲሞክር ቁልፉን ለሽመልስ ሰጡት። ሲገባ አየሁት። ቀኝ እግሩን አስገብቶ ተቀመጠ። ግራውን ግን ሱሪውን ጉልበቱ ላይ በእጁ ጨብጦ አነሳና አስገባው። ለሚያየው ሰው ሱሪውን የሚያስተካክል ይመስላል። በሩን ዘጋው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደውን ዳገት ወጣ። መሐል ላይ ሆን ብሎ አቆማትና እንደገና ተነሳ። መኪናዋ ወደ ኋላ አላለችም። ላይ ደርሶ ዞረና በማርሽ ይዞ ቀስ ብሎ ወረደ። በዚያ ጠዋት እግሩ ደህና ነበር። ጌጡ በኩራት ወደ አቶ ደምሴ እያየ «አያችሁ ሾፌር?» አለ። እኔ ግን እዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋበት ኖሮ ነገሩ በዚያው በቀላሉ ያልቅ ነበር ብዬ አሰብኩ። እናት ለልጇ እንዲህ ብላ ታስባለች ብዬ ገምቼ አላውቅም ነበር።

ከመኪናዋ ሲወርድ ጠጋ ብዬ ቀስ አድርጌ ዛሬ እንዴት ነው አልኩት። ዛሬ ደህና ነው አለኝ። ነገስ አልኩት። ወደ ሰዎቹ ሄደ። እኔም ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ።

በእኛ አካባቢ በሬም ሆነ ቤት ሲሸጥ ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ደላላው እጁን ከላይ ያደርጋል፣ በቦታው ያለ በዕድሜ ትልቅ የሆነ ሰው ይመርቃል። ቀብድ የሚሰጠው ከምርቃቱ በኋላ ነው። መኪና ከመጣ ወዲህ ለመኪናም እንደዚሁ ሆኗል። ወረቀቱ በኋላ ይፈረማል፤ ሰው «ተሸጠ» የሚለው ግን አሜን ከተባለ ጀምሮ ነው። አሜን ከተባለ በኋላ ሐሳቡን የሚለውጥ የለም።

ጌጡም ፒካፑ ይሁን አለ፤ በዋጋው ተስማሙና ሽመልስና አቶ ደምሴ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ደላላው እጁን ከላይ አሳረፈ። ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁኝ ጀመር።

ምርቃቱን አውቀዋለሁ። በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ፣ የጫናችሁትን በሰላም አድርሱ ነው የምለው። ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን በፒካፑ ላይ የሚሳፈሩት ሰዎች ታዩኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ለትምህርት የሚሄዱት ልጆች፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ታሞ የሚወርድ ሰው። ቁልቁለቱ መሐል ሽመልስ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ፈልጎ እግሩ አልታዘዝ ሲለው ታየኝ። ብመርቅ እያወቅሁ መዋሸቴ ነው። ብናገር ግዝት አፈርሳለሁ። ዝም ብል ደግሞ እናቱ አልመረቀችውም የሚለው ወሬ ልጄን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ከእርግማን ብዙ የራቀ አይደለም።

«እማማ፣ እየጠበቅንዎት ነው» አሉ አቶ ደምሴ።

ሽመልስ ቀና ብሎ አየኝ። «እማዬ፣ መርቂ እንጂ» አለ።

«ለዚህች አልመርቅም» አልኩ። «ለዚያችኛዋ ከሆነ አሁኑኑ እመርቃለሁ።»

ደላላው ስለ መቀመጫው አንድ ነገር ሊቀልድ ሞከረ። ማንም ስላልሳቀለት ተወው። አቶ ደምሴ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጉድለት ደብቀው የሚሸጡ ሰው እንዳልሆኑ፣ መኪናቸው ላይ ያየሁት ነገር ካለ በግልጽ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። መኪናቸው ምንም እንደሌለባት ነገርኳቸው። እውነትም ምንም አልነበረባትም።

«ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?» አለ ጌጡ።

«እኔ የምናገረው የለኝም። ሽመልስን ጠይቀው።»

ደላላው እጁን አነሳ። የሽመልስና የአቶ ደምሴ እጆች ግን አልተላቀቁም ነበር፤ ሁለቱም መጀመሪያ መልቀቅ ያልፈለጉ ይመስሉ ነበር። ሽመልስ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት ከልጅነቱ ጀምሮ አይቼበት አላውቅም።

ግዝቱን ጠበቅኩ ወይስ አፈረስኩ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ እግሩ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ጌጡ ወዴት ማየት እንዳለበት ያመለከትኩት ግን እኔ ነኝ። አደረግሁት ብዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባላደርገው ይሻል ነበር ብዬም አላውቅም። ጸሎት ላይ ስቆም አሁንም በዚህ መሐል ነኝ።

ሽመልስ እጁን ከአቶ ደምሴ እጅ አወጣ። ወደ ጌጡ ዞረና «ና እስቲ ወዲህ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለው።

«እዚሁ ንገረኝ» አለ ጌጡ።

ሽመልስ መሬት መሬት እያየ ቆመ። እኔ እየሰማሁ መናገር እንዳቃተው ገባኝ። ከድንጋዩ ተነስቼ ጋቢዬን ሰበሰብኩ፣ ማንንም ሳልሰናበት በጋራዡ በር ወጣሁና ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ።