ሎርና ፔልኪ እና በጉም ውስጥ የተያዘችው ኳስ

ብራምብል ሃርበር ውስጥ ሎርና ፔልኪን የማያውቅ ሰው የለም፤ ካለም ትናንት የመጣ ነው። የከተማው ግማሽ ሕዝብ በልጅነቱ እሷ በምትነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ተመላልሷል። ዛሬ ሽበት ያበቀሉ ሰዎች እንኳ ገበያ መሀል ድምፅዋን ሲሰሙ ሳያስቡት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ባሏ ኤምስ ደግሞ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። ኤምስ ሲሞት ቤቱ ጭር አለባትና ለበጋው የቤዝቦል ቡድናችን ለሸርጣኖቹ ጽሕፈት ቤት ደወለች።

"ልጅ ስጡኝ" አለቻቸው። "የሚበላ ይሁን እንጂ ምርጫ የለኝም።"

በሰኔ ኮሌጆች ሲዘጉ ተጫዋቾቹ ከየአገሩ ወደ ባሕር ዳርቻችን ይጎርፋሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። በየሰዉ ቤት ያድራሉ፣ የሰዉን ምግብ ይጨርሳሉ፣ አመሻሽ ላይ ይጫወታሉ። ኮሌጅ ውስጥ በብረት ዱላ የሚመታው ልጅ እኛ ዘንድ በእንጨት ይመታል። እንጀራቸው ቤዝቦል የሆኑት የሚመቱት በእንጨት ስለሆነ፣ የትልልቆቹ ክለቦች መልማዮች ማየት የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እነሱም ከመቺው ጀርባ፣ ከመረቡ ኋላ፣ ታጣፊ ወንበራቸውን ደርድረው ባርኔጣቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ። ሎርና "አሞሮቹ" ነው የምትላቸው።

ያን ዓመት የደረሳት ጋሪክ ቶሊቨር የሚባል የነብራስካ ልጅ ነበር። ቁመቱ የበር መቃን ይታከካል፤ ከላምና ከበቆሎ በቀር ያየው ነገር ያለ አይመስልም። የግራ መስክ ተጫዋች ነው፤ ማለትም ሥራው ከሜዳው ግራ ጫፍ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሞ የሚመጣውን ኳስ መቅለብ ነው። ሎርና ሻንጣውን ተቀበለችና፣ "እራት ደርሷል፤ ገላህን ታጠብ" ብላ ወደ መታጠቢያ ቤት መራችው።

እኔ ጎረቤቷ ነኝና ጩኸቱን የሰማሁት ከራሴ ግቢ ሆኜ ነው።

"ወይዘሮ ፔልኪ! ገንዳው ውስጥ አውሬ አለ!"

ለእራት የገዛቻቸው ሎብስተሮች፣ ባለ መቆንጠጫ የባሕር ፍጥረቶች ናቸው፤ እርጥብ የባሕር ሣር ላይ ተኝተው ቀንዳቸውን ያወዛውዛሉ።

"ስንት ናቸው?" አለች ሎርና ከኩሽና።

"አራት!"

"አምስት ነበሩ። አምስተኛውን ፈልገው። ሳታገኘው እንዳትቀመጥ፣ መቀመጫህን ይወዳል።"

ልጁ ፎጣ አገልድሞ፣ መጥረጊያ ይዞ፣ ከሶፋው ሥር እስከ ማድቤቱ ጓዳ በረበረ። አምስተኛ የሚባል ሎብስተር ኖሮ አያውቅም።

ጋሪክ ግን የዋህ ቢመስልም የዋዛ አልነበረም። በሳምንቱ የሜዳውን ማይክ የሚይዘውን ሰው ጠጋ ብሎ፣ "ዛሬ የወይዘሮ ፔልኪ ልደት ነው" አለው። ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ዘመረላት። ሎርና የተወለደችው በጥር ነው። ያም ሆኖ በዚያ በጋ ሦስት ጊዜ ተወለደች፤ በሦስተኛው ላይ ከንቲባው አበባ ይዘው መጡ። "ይኼ ልጅ" አለችኝ አበባውን እያሸተተች፣ "የኔ ዓይነት ክፉ ነው።"

ጨዋታው ግን መጀመሪያ ላይ እንቢ ብሎት ነበር። በእንጨት ሲመታ ዱላው እጁ ላይ ይሰበራል። ሎርና ስብርባሪውን እየለቀመች ለቲማቲሞቿ ድጋፍ አድርጋ ተከለችው።

"ቲማቲሞቼ እንዲህ ቀጥ ብለው አያውቁም" ትለዋለች። "እስቲ ለአንድ ሳምንት ደግሞ አንተ ቀጥ በል።"

"ይሳቁብኝ እንጂ" ይላል አንገቱን ደፍቶ። "አባቴም ይኼንኑ ነው በስልክ ያለኝ።"

ሐምሌ ሲገባ እጁ እንጨቱን ለመደ። ኳሷ አየሩን እየሰነጠቀች መብረር ጀመረች፤ አሞሮቹም አንገታቸውን ማቅናት ጀመሩ። በተለይ አንዱ፣ ኤመሪ ቫንስ የሚባለው፣ ቀጠን ያለ ሽማግሌ፣ ወጣት ሳለ በቀለበው ኳስ ብዛት ጣቶቹ እንደ ዝንጅብል የተጣመሙ፣ ጋሪክ ባለበት ጨዋታ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ ከኦርቻርድ ቤይ ቡድን ጋር የተጫወትንበት ቀን ደረሰ። እኔና ሎርና እንደ ልማዳችን ከግራ መስክ አጥር ውጪ፣ ሣሩ ተዳፋት ላይ፣ ወንበራችንን ዘርግተናል። አጥሩ ከወገብ አይበልጥም። የመጨረሻው ዙር ነው፤ በአንድ ነጥብ እንበልጣቸዋለን፤ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ የተቀለበበት መቺ ይወጣልና፣ ከነሱ አንድ ሰው ብቻ ቢወጣልን ጨዋታው አለቀ። እነሱ ደግሞ አንድ ሯጭ መንገድ ላይ አላቸውና፣ ኳሷን ከአጥር ውጪ የሚልክ መቺ ከተገኘ አሸናፊዎቹ እነሱ ናቸው። በዚህ መሀል ከባሕሩ ጉም ገባ። እኛ አገር ጉም በር አያንኳኳም፤ ዘው ነው የሚለው። መጀመሪያ ዳኛው ጠፋ፣ ከዚያ መቺው፣ ከዚያ ጋሪክ ራሱ ከፊታችን ቆሞ ጥላ መሰለ። ጨዋታው መቆም ነበረበት፤ ዳኛው ግን ርቦት ነበር መሰለኝ፣ "አንድ መቺ ብቻ!" ሲል ተሰማ።

መቺው ብሪስኮ ሊንድክቪስት ነበር፤ ጢሙ ቀይ፣ ትከሻው የመርከብ በር የሚያህል።

ጧ! አለ። ሰዉ ሁሉ አንጋጦ ነጭ ነገር ብቻ ያያል። ትንሽ ቆይቶ ከኛ አጠገብ ዱብ አለና ኳሷ ተንከባልላ የሎርናን ጫማ ነካች። ከአጥር ውጪ ወጥታለች፤ ተሸንፈናል ማለት ነው። ጋሪክ ሆዱን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ጓንቱን ዘርግቶ፣ በባዶ ሰማይ ላይ ዓይኑን ያንከራትታል።

ሎርና ኳሷን አነሣች። ኳሷን አየች፣ ልጁን አየች፣ እኔን አየች።

"ኦርሰን፣ ዓይንህን ጨፍን" አለችኝ።

አልጨፈንኩም።

"ጋሪክ! እንካ!"

ኳስ ሲወረወርለት እጁን የሚሰበስብ የግራ መስክ ተጫዋች አልተፈጠረም። ቀለባት። አፉን ከፍቶ ሳይዘጋ ዳኛው ጉሙን እየቀዘፈ ከተፍ አለ፤ ልጁ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ናት።

"ተይዟል! ወጥቷል!" ብሎ ክንዱን ሰነዘረ። ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ጓደኞቹ ጋሪክን ተሸክመውት ሲሄዱ ፊቱ ወደኛ ዞሮ፣ አፉ አሁንም እንደተከፈተ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ከመኪናው የኋላ ወንበር ሆኖ፣ "ምን አደረጉኝ?" አላት።

"ምን አደረግሁህ? ኳስህ ወድቃ አቀበልኩህ። ሥርዓት ያለው ሰው የወደቀ ዕቃ ያቀብላል።"

"ይኼ እኮ ሌብነት ነው!"

"ሌብነት ለራስ ነው። እኔ ለሰው ነው ያደረግሁት" አለች፤ ነገር ግን እስከ ቤቷ ድረስ አላፏጨችም። ሎርና መኪና እየነዳች ካላፏጨች አንድ ነገር ከንክኗታል ማለት ነው።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። ኤመሪ ቫንስ ነው። መልማዮች አንድን ልጅ ሲፈልጉ ያሳደረውን ቤተሰብ ስለ ጠባዩ መጠየቅ ልማዳቸው ነው። ሎርና እራት ጋበዘችው፤ እኔንም፣ "ምስክር ሆነህ ሳይሆን በላተኛ ሆነህ ና" ብላ ጠራችኝ።

የቅርፊት ዓሣ ሾርባና ቅቤ የተቀባ በቆሎ ቀረበ። ቫንስ በደንብ በላ። ጋሪክ ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ያዞራል እንጂ አያነሣም።

"እንዴት ያለ ልጅ ነው ታዲያ?" አለ ቫንስ።

"እርጥብ ፎጣ መሬት ላይ ይጥላል" አለች ሎርና። "ወተት ሳይቀዳ ከካርቶኑ ይጠጣል። ጠዋት ሰው አይመስልም። በተረፈ ሐቀኛ ነው።"

"ሐቀኛ?" አለ ቫንስ በቆሎውን እያዞረ። "የትናንቷን ኳስ አያያዝማ ብዙ ዓመት አልረሳትም።"

ጋሪክ ማንኪያውን ወረወረ። "አልያዝኳትም! ከአጥር ውጪ ነበረች። እንዲህ ነው፣ እኔ... ተወረወረችልኝ።"

"ማን ወረወረልህ?"

ልጁ ጣሪያውን አየ። እኔ ሾርባዬን አየሁ።

"እኔ ነኛ!" አለች ሎርና። "እሱ ምን ያድርግ? ዝም ብሎ ቀለበ። ፍርድ ካለ የኔ ነው።"

ቫንስ አፉን በፎጣ ጠረገና መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። "ጉሙ ሲገባ ከመረቡ ኋላ ሆኜ የራሴንም ጉልበት ማየት አልቻልኩም። ተነሥቼ በአጥሩ ዙሪያ መጣሁ። እርስዎ ሲወረውሩ ከጀርባዎ ቆሜ ሳንድዊች እየበላሁ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አለ ጋሪክ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።

"ክንድህን ካየሁት ቆየሁ፤ ያላየሁት አፍህ እውነት መናገሩን ነበር።" ከዚያ ወደ ሎርና ዞረ። "እርስዎም ጥሩ ክንድ አለዎት። ውርወራዎ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል እንጂ።"

"ያዘነበለውስ እርስዎ የቆሙበት መሬት ነው!"

በነጋታው እኔ፣ ሎርናና ጋሪክ ኦርቻርድ ቤይ ሄድን። ጋሪክ ለአሠልጣኛቸውም ለሊንድክቪስትም ሁሉን ተናገረ። አሠልጣኙ ለሊጉ ደወሉ። የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ዳኛው ያየውን አይቷል፣ ውጤቱ አይነካም። ሊንድክቪስት እጁን አጣመረ።

"እናቴ በስልኳ እያየች ነበር" አለ። "አልቅሳለች።"

ሎርናን እንደዚያን ጊዜ ተሸማቅቃ አይቻት አላውቅም። "ምን ልካስህ ልጄ?"

ጢሙን አሻሸ። "የብሉቤሪ ኬክ እንደሚችሉበት ይወራል።"

"ነገውኑ ይደርስሃል።"

"ለመላው ቡድን።"

እሑድ ዕለት የኦርቻርድ ቤይ አውቶቡስ ጠባቧ መንገዳችን ላይ ቆመ፤ ልጆቹ መለያቸውን እንደለበሱ ወረዱ። ሎርና ከቅዳሜ ጀምሮ ከምድጃው ሥር አልተነሣችም፤ እኔና ጋሪክ የብሉቤሪ ፍሬ ስንለቅም ጣታችን ሐምራዊ ሆኗል። አንበጣ እንዲህ አይበላም! ከጠገቡ በኋላ ሊንድክቪስት ተነሥቶ፣ "አሁን ሩጫዬን" አለ።

"የምን ሩጫ?" አለች ሎርና።

"የተሰረቀችውን።"

ሁሉም ገባው፤ ኳስ ከአጥር ውጪ የላከ መቺ ሦስቱን ጣቢያዎች ዞሮ ወደ መነሻው ይመለሳል። የበር ምንጣፉ አንደኛ ጣቢያ፣ የወፍ መታጠቢያው ሁለተኛ፣ የኔ የአትክልት ጋሪ ሦስተኛ ሆነ። ሊንድክቪስት በዱላ ምትክ መጥረጊያ ወዝውዞ ጣለና በግቢው ዙሪያ ቀስ እያለ፣ ባርኔጣውን እያነሣ፣ እንደ ሙሽራ ሮጠ። የራሱ ቡድን ያጨበጭባል፤ ጋሪክ አጥሩ ሥር ተንበርክኮ ደረቱን እየደቃ የውሸት ያለቅሳል፤ አንዱ ልጅ ደግሞ ሁሉን ለሊንድክቪስት እናት በስልክ ያሳያል። መድረሻው ላይ ሎርና ያልተቆረሰ ኬክ ይዛ ጠበቀችው። ጉንጩን ስማ፣ "ይኼ በርግጥ ከአጥር ውጪ ነው" አለችው።

ጋሪክን በሚቀጥለው ዓመት የቫንስ ክለብ መረጠው፤ ከተመረጡት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነበር፣ ግን መረጠው። በታችኞቹ ሊጎች ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ተንከራተተ፤ ከላይኛው በር ሁለት እርከን ሲቀረው የትከሻው ጅማት ተበጠሰ። አሁን ነብራስካ ውስጥ ያስተምራል፣ ልጆች ያሠለጥናል፣ ሚስቱም ስለ እርጥብ ፎጣው ለሎርና ደውላ ትከሰዋለች። ሊንድክቪስት እስከ ላይ ደረሰ፤ አንድ ወቅት ቆይቶ ወረደ፤ ያችን አንድ ወቅት ግን ማንም አይወስድበትም።

ቫንስ በሚቀጥለው በጋ መጣ። ያን ዓመት ሸርጣኖቹ እንደ ስማቸው ወደ ጎን ነበር የሚሄዱት፤ መልማይ የሚያስመጣ አንድም ልጅ አልነበረንም።

"ምን ልታይ መጣህ?" አለችው ሎርና፤ "እርስዎ" መቼ እንደቀረ አላውቅም።

"የምትወረውር ሴት አለች ተብዬ ነው።"

"ዕድሜዋ አልፏል።"

"የኔ ክለብ ዕድሜ አይጠይቅም" አላት።

ጡረታ ሲወጣ ዕቃውን ጭኖ ብራምብል ሃርበር ጠቅልሎ ገባ። አልተጋቡም፤ ሎርና፣ "አንዴ አግብቻለሁ፣ በደንብ ነው ያገባሁት" ትላለች። ዘንድሮ የደረሷት ሁለት ኳስ ወርዋሪዎች ናቸው፤ አንዱ ኩርፍተኛ፣ አንዱ ለፍላፊ። ትናንት ማታ መሰላል ልዋስ ስሄድ ቫንስ ድንች ይልጣል፤ ሎርና ከኩሽናው በር ላይ ቆማ፣ ኩርፍተኛውን ልጅ፣ "የቫንስ ሰው ሠራሽ ጥርስ ጠፍቶበታልና ሶፋው ሥር ፈልግለት" ትለዋለች። ቫንስ ጥርሱን ሁሉ አፉ ውስጥ ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።