አደይ እንቁላል የጣለችበት ቀን

ልጅ እያለሁ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ጎርፍ በወረደ ዕለት፣ ውሃ በሚገባበት በማሳችን አፍ ላይ ከታዘለው ወንድሜ ሌላ አምስት ሰዎች ነበርን። አባቴ አካፋውን ይዞ ከግድቡ ላይ ቆሟል። ከቦዩ ማዶ፣ የውሃ ተራ ከሚለይበት ከተራው ድንጋይ አጠገብ፣ ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት አያ ሁሴን በትራቸውን ተደግፈዋል። ከእኛ ዝቅ ብሎ ጎረቤታችን እቴ ዘምዘም ቀሚሷን ከወገቧ ሸጉጣ፣ ዶማ ይዛ በራሷ ማሳ አፍ ላይ ትጠብቃለች። እናቴ ትንሹን ወንድሜን አዝላ ከግራሩ ሥር ናት። እኔ በመካከላቸው፣ ከኤሊዎቹ አጥር ውስጥ ተንበርክኬ ነበር።

ኤሊ ማኖር በእኛ ቤት የተጀመረው በአያቴ ጊዜ ነው። የቆቦ ገበሬ ክረምት ከመግባቱ በፊት ተጠራርቶ ከወንዙ እስከ ማሳው ያለውን ቦይ ይጠርጋል። ከቁጥቋጦ ሥር ኤሊ የተገኘች እንደሆነ ሌላው ሰው በዶማው ገፋ አድርጎ ያልፋታል፤ የእኛ ቤት ሰው ግን አንሥቶ ያመጣታል። አያቴ ኤሊ ተራራ ላይ የዘነበውን ከሰው ቀድማ ትሰማለች ይሉ ነበር። ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሰማዩ እንደጠራ፣ ኤሊዎቹ ወደ አጥሩ ላይኛው ጫፍ መውጣት ከጀመሩ ጎርፉ መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። አባቴ ይህን ከአባቱ ተቀብሏል። ስለዚህም አጥሩን የሠራው ከቤታችን ጓሮ ሳይሆን ከማሳው ጥግ፣ ውሃው ከሚገባበት አፍ ፊት ለፊት ነበር።

አጥሩ ከጉልበት ከፍ የሚል የድንጋይ ካብ ሲሆን ጅብና ውሻ እንዳይገባበት ከላይ እሾህ ተደፍቶበታል። ውስጡ የተሰበረ ገንቦ ገል ውሃ መጠጫ ሆኖ ተቀብሯል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የቁልቋል ቅጠል እሾሁን ልጬ፣ የበሰበሰ ቲማቲምና የጣልነውን የጥንቅሽ ልጣጭ ሰብስቤ እወስድላቸዋለሁ። የሞቀ ድንጋይና የተቀጠቀጠ ቁልቋል ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አራት ነበሩ። ከሁሉ የምትበልጠውን እናቴ «አደይ» ብላ ጠራቻት። እናቴ ወገኖቿ ከአላማጣ ማዶ ስለሆኑ እናትን የምትጠራው በዚያ ቃል ነው። አደይ የሄደችበትን ሌሎቹ ይከተላሉ። በትምህርት ቤት ልጆቹ «የኤሊ እረኛ» ይሉኝ ነበር። «ዘንድሮ ስንት ቅል ታለበ?» ብለው ይስቃሉ። 

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ቆመ። ማሽላው ሊያዘረዝር ሲል ቅጠሉ ተጠቀለለ። አንድ ጎርፍ ከጠጣ ያፈራል፤ ካልጠጣ አገዳው ለከብት ይታጨዳል፣ እኛም ያለ እህል እንከርማለን። ይህን እኔም አውቅ ነበር። የመጀመሪያው ተራ የእኛ ሲሆን ቀጣዩ ተራ በቦዩ መጨረሻ ላይ ላለችው ለእቴ ዘምዘም ነው። የውሃው ሕግ አጭር ነው። አረፋው የተራውን ድንጋይ ሲነካ ባለተራው የማሳውን አፍ መክፈት አለበት። ካልከፈተ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ያም ሰው ማሳዬ ጠገበ እስኪል ድረስ ማንም አይነካበትም፤ ከጠገበ የተረፈው ተራው ላለፈው ይመለሳል። ጠገበ ማለት የባለማሳው ነው። የውሃ አባቱ ጠይቆ ቃሉን ይቀበላል እንጂ ማሳ ገብቶ አይመረምርም።

እቴ ዘምዘም ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ማሳ ብቻ የምታሳድግ ሴት ነበረች። ከአባቴ ጋር ባለፈው ዓመት በድንበር ተጣልተው ሰላምታ አቁመዋል። የሚነግራት ነገር ካለ በሰው ይልክባታል፤ እሷም እንደዚያው።

በዚያን ዕለት ጠዋት በስተ ምዕራብ ተራራው ላይ ደመና ነበር። ሌሎቹ ገበሬዎች የማሳቸውን አፍ ሲጠርጉ አባቴ መጥቶ ኤሊዎቹን አየ። አደይ ከአጥሩ ታችኛው ጥግ ተቀምጣ አትንቀሳቀስም፤ ሌሎቹም አጠገቧ ተኝተዋል። አባቴ «ዛሬ አይመጣም» አለ። ጎርፍ የሚጠበቅ ከሆነ ኤሊዎቹን ቀድመን ወደ ግራሩ ሥር ማውጣት ልማዳችን ነበር። ያን ቀን አላወጣናቸውም።

ከቀትር በኋላ ከላይኞቹ ማሳዎች ጩኸት ተነሣ። «ጎርፍ! ጎርፍ!» የሚለውን አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ወደ እኛ አወረደው። ሮጠን ደረስን። አባቴ አንሥቶ ከካቡ ውስጥ ከተተኝ።

«ቶሎ በይ፣ እያነሣሽ አቀብይኝ!»

ሦስቱን አቀበልኩት። አደይን ግን ስይዛት መሬቱን ሙጭጭ አለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ቆፍራለች፤ አፈሩን አርጥባዋለች፤ ከጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነጭ ክብ ነገር ተቀምጧል። እያየሁ ሁለተኛው ወደቀ።

«አባ፣ እንቁላል እየጣለች ነው!»

«ምን?»

አያ ሁሴን ከማዶ ሰሙ። «ዛሬን መረጠች? ልጄ፣ ጎትተሽ አውጫት!»

«አልነሣ አለች!»

እቴ ዘምዘም ከታች ሆና ድምጿን ከፍ አደረገች። «አያ ሁሴን፣ ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ። እኔ ለኤሊ አራስ ገንፎ አላገነፋሁም። ውሃው ግን እየመጣ ነው።»

አባቴ ሊገባ አንድ እግሩን ካቡ ላይ አደረገ። ያኔ እናቴ ከግራሩ ሥር አባቴን በስሙ ጠርታ ጮኸች። እናቴ የምትጮህ ሴት አልነበረችም።

«ታደሰ! ምጥ ላይ ያለ ነገር ከቦታው አይነሣም! ላም እንኳ አትነዳም፤ አንተ ራስህ ታውቃለህ!»

ያዘለችው ወንድሜ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። ምጧ ጠንቶ ሴቶቹ ወጥተው ሲያለቅሱ አባቴ ከደጅ ቆሞ ነበር። ይመስለኛል ያን አስታወሰ። እግሩን ከካቡ ላይ አወረደ።

የጎርፉ ድምፅ ደረሰ። ከባድ መኪና በአስፋልቱ ላይ ሲመጣ እንደሚሰማው ዓይነት ነው፤ መሬቱ ቀድሞ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ የተራራ አፈር ሽታ፣ ከዚያም ጭራሮና የፍየል በጠጥ የተሸከመ ቡናማ አረፋ በቦዩ መታጠፊያ ላይ ብቅ አለ። እኔ አልወጣሁም፤ አባቴም ውጪ አላለኝም። የማሳውን አፍ ቢከፍት ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው አጥሩን ነው።

«አያ ሁሴን፣ ድንጋዩን ነክቷል» አለች እቴ ዘምዘም።

አያ ሁሴን ድንጋዩን አዩ። ነክቷል። «ታደሰ፣ ትከፍታለህ ወይስ ይለፍ?»

አባቴ ማሽላውን ተመለከተ። ከዚያ እናቴን። አካፋውን ግድቡ ላይ ተከለው።

«ይለፍ» አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ እቴ ዘምዘም በዶማዋ የማሳዋን አፍ በረገደችው። ውሃው በአጠገባችን እያጓራ አልፎ ገባላት።

አባቴ ብዙ አልቆመም። ከግራሩ በታች፣ ከኤሊዎቹ አጥር ርቆ፣ ግድቡን በአዲስ ቦታ መቁረጥ ጀመረ። ለዘመናት የተረገጠ ግድብ ስለሆነ አካፋው እየነጠረ ይመለሳል። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። አያ ሁሴን በማዶው ዳር እየተከተሉት «ታደሰ፣ እንዳትበሳው! ውሃው የሷ ነው!» ይሉታል። «አልበሳውም» ይላል አባቴ ቀና ሳይል። በውሃውና በማሳችን መካከል አንድ ጋት የማትሞላ አፈር አስቀርቶ አቆመ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

«አደይ ስንት ቀራት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ እንጃ፣ አባ።»

«ራስህ ጠይቃት እንጂ» አሉ አያ ሁሴን፤ «ከኤሊ የምትነጋገረው አንተ አይደለህ?» ማንም አልሳቀም። እሳቸውም አልሳቁም።

አደይ እንቁላሏን ጥላ ስትጨርስ አፈሩን በአንድ እግሯ፣ ደግሞ በሌላው፣ ቀስ እያለች መለሰችው። ከዚያ በሆዷ ደለደለችው። ከዚያ ደግሞ እንደገና አፈር ጨመረች። ከተራው ድንጋይ ላይ ውሃው ሲወርድ እርጥቡ ምልክት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ዓይኔን ከእሷ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ እሷ አመላልሳለሁ። በመጨረሻ ራሷን አወጣችና ምንም እንዳልሆነ ሰው ወደ ካቡ ላይኛው ጫፍ መሄድ ጀመረች። ያን ጊዜ እናቴ መጥታ አግዛኝ አወጣናት።

ጎርፉ ግን እየሞተ ነበር። ከድንጋዩ ግማሽ በታች ወርዷል። የቀረው ውሃ አንዱን ያጠጣል እንጂ ሁለታችንንም አያደርስም። ከእቴ ዘምዘም ማሳ የታችኛው ግማሽ ያብረቀርቃል፤ ከፍ ያለው የምሥራቁ ግማሽ ገና ነጭ አቧራ ነው፤ ማሽላውም እንደ እኛው ተጠቅልሏል።

አሁን እኔ የምኖረው ቆቦ ከተማ ነው። በዚያ ማሳ ላይ ውሃ ከጉድጓድ በሞተር ይወጣል፤ ሲመጣ የሚጮህ ሰው የለም፤ የተራው ድንጋይም የማን ቤት መሠረት ውስጥ እንደገባ አይታወቅም። የልጅ ልጆቼ ኤሊ የሚያውቁት በስልክ ነው። ከዚያ ጎርፍ በተከታዩ ዓመት ቦይ ስንጠርግ ሎሚ የሚያክሉ የኤሊ ግልገሎች አገኘን ብላቸው ሳቁ። ያ ዘመን እንዲመለስ አልመኝም፤ በውሃ ምክንያት ሰው ይገዳደል ነበር። ግን ያኔ ሰው የጎረቤቱን ማሳ እንደ ራሱ መዳፍ ያውቀው ነበር። የቱ ጥግ ጠጣ፣ የቱ ደረቀ፣ ከሩቅ ይለያል። እኔ ዛሬ ከግድግዳዬ ማዶ ያለው ሰው ምን በልቶ እንዳደረ አላውቅም። ያን ቀን በዚያ ቦታ የቆምን ሁላችንም ነጩን አቧራ አይተናል።

አያ ሁሴን በትራቸውን አንሥተው እንደ ሥርዓቱ ጮክ ብለው ጠየቁ።

«ዘምዘም፣ ማሳሽ ጠገበ?»

እቴ ዘምዘም ወደ ምሥራቁ ግማሽ ዞረች።  ከዚያ አባቴ የቆረጠውን ግድብ አየች፤ ከግራሩ ሥር እኔንና እናቴን በአደይ ላይ እንዳጎነበስን አየችን።

«ጠግቧል» አለች፤ «አልሐምዱሊላህ።»

አያ ሁሴን ቃሏን ተቀብለው በትራቸውን አወረዱ። እሷ አፈሩን በዶማዋ እየሳበች የማሳዋን አፍ ደፈነች፤ በእግሯም ረገጠችው። ውሃው በቦዩ ውስጥ ቆመ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አባቴ ወደ ቆረጠው ቦታ ከፍ ማለት ጀመረ። አባቴ አካፋውን እንደያዘ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። ዓመት ሙሉ ያላነጋገራትን ሊያነጋግራት ነበር።

እሷ ግን ቀሚሷን ከወገቧ ፈታች፣ ዶማዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና በግድቡ ላይ ወደ ቤቷ ሄደች።