ጥጤ መብል የተወችበት ሰሞን

የመጀመሪያው ምልክት ደረቁ ሣር ሳይነካ ማደሩ ነበር። ጥጤ የባለቤቴ የበላይነሽ ጥንቸል ናት። ስምንተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ ለጥንቸል ይህ እርጅና ነው። ያን ዕለት ለስላሳውን የጎመን ቅጠል ተቀበለች፤ ሣሩን ግን አሽትታ ተወችው። በማግስቱ ጎመኑንም ተወች።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጫልቱ ብቅ ብለው ያልተነካውን ሣር አዩና፣ «መሪጌታ፣ ጥንቸሏንም ጾም አስያዟት እንዴ?» ሲሉ ቀለዱብኝ።

«በዚህ ቤት እየኖረች ምን ታድርግ!» ብዬ ሣቅሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ዜማና ሥርዓት ሳስተምር የኖርሁ ነኝና፣ ከመብል መከልከልን በበጎ ማየት ለምዶብኛል። በዚያ ቀልድ አንድ ቀን አለፈ።

ሕመሙን ያወቀችው በላይነሽ ናት። ዓይኗ በግላኮማ ከደከመ ወዲህ ጥጤን የምታውቃት በእጇ ነው፤ ጭኗ ላይ ሆና መዋሏም ትልቅ መጽናኛዋ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስትዳስሳት እጇ ቆመ።

«መሪጌታ፣ አገጯ ርሷል። ጆሮዋ በርዷል። ይህች እንስሳ ታማለች።»

አየኋት። ጀርባዋን ሰብስባለች። ጥርሷን ታፋጫለች። ሌሊቱን የጣለችው በጠጥ ጥቂት ነው። ደግሞም ደቃቅ።

በቤት ለእኔ ታዝዞ የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበርና ልሰጣት ተነሣሁ። በላይነሽ ከለከለችኝ። ጥንቸሏን በነጠላ ጠቅልዬ በዘንቢል አድርጌ ባጃጅ ተሳፈርሁ።

«አባባ፣ ጥንቸል ርኩስ ናት ይባል የለ?» አለኝ ሹፌሩ።

«ለመብል ነው እንጂ ልጄ። ኦሪት አትብላት አለ፤ አታሳክማት አላለም።»

በእንስሳት ክሊኒኩ ያገኘኋት ሐኪም የጥጤን ሆድ በስቴቶስኮፕ አዳመጠች። ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላች ጠየቀችኝ። ቀልዳችንን ጨምሬ ነገርኋት። አልሣቀችም።

«አባቴ፣ ጥንቸል አትጾምም። ግማሽ ቀን ካልበላች አንጀቷ መሥራት ያቆማል። ስታሲስ እንለዋለን። ይገድላል።»

በብርሃን አፏን መረመረች። የኋላ መንጋጋዎቿ ያለ ልክ አድገው ምላሷን ቆርጠዋል። ርቧት ነበር። መብላት ግን አልቻለችም።

ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ተሰጣት። ለሥቃይዋ ሜሎክሲካም ታዘዘ። ስለ አሞክሳሲሊኑ ብጠይቅ፣ «በአፍ ቢሰጧት ኖሮ የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድላት ይችል ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ጥርሷ ነገ በማደንዘዣ መሞረድ አለበት። በዕድሜዋ ያሰጋል። ካልተሞረደ ግን አትበላም» አለች።

ለበላይነሽ ደወልሁ። «ይሞረድ» አለች።

በማግስቱ ጥርሷ ሲሞረድ ከክሊኒኩ ደጅ ቆሜ ጸለይሁ። ጥጤ ከማደንዘዣው ነቃች።

ከዚያ በኋላ የተፈጨ ደረቅ ሣር በሞቀ ውኃ እያራስን፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጎን በኩል ጥቂት በጥቂት እየሰጠን፣ ከአዳማ የቀትር ሙቀትም ጥላ ሥር እያሳረፍን አስታመምናት። በአራተኛው ቀን በላይነሽ ከጭኗ ላይ ያገኘችውን ደህና በጠጥ በጣቷ ይዛ፣ «ይኸው መሪጌታ፣ ወርቅ አገኘሁ!» ብላ ስትጣራ፣ ሰሙነ ሕማማት መሆኑን ዘንግቼ እስኪያስለኝ ሣቅሁ። አሁን ሣሯን ትበላለች፤ ጥርሷም በየጊዜው በሐኪም ይታያል።

ለእንስሳም መድኃኒትን ያዘጋጀ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የሐኪሟንና የበላይነሽን እጅ ይባርክ። ያረጀች ጥንቸል ያላችሁ ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሯንና በጠጧን ሳታዩ ከቤት አትውጡ። አገጯን ዳስሱ፤ ክብደቷን እወቁ፤ ለሰው የታዘዘ መድኃኒት አትስጧት። መብል ከተወችም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷት። እኔ በቀልድ ያሳለፍሁትን ቀን ጥጤ በሥቃይ አሳልፋዋለች። ያን ቀን ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ እርሳቸውም እንደ ቀላል ነገር አላዩትም።