ባለቁንጮው አውራ ጃዊ ሲወርድ

ታናሽ እህቴ ከእኔ ቀድማ አገባች። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ፊቴን ያያል፤ ከዚያ እግዜር ለአንቺም ያዘጋጀው አለ ይለኛል። እኔም ነጠላዬን ወደ አፌ ስቤ አሜን እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ቤታችን ዳንግላ ነው፣ ከገበያው ትንሽ ወጣ ብሎ። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ እናቴ ወገቧን ትታመም ስለነበር እኔ ቤት ቀረሁ፤ እህቴ እስከ አስረኛ ተማረች። እሷ ተጫዋች ናት፤ እንግዳ ሲመጣ ከፊት ትቀመጣለች። እኔ ጓሮ ከዶሮዎቼ ጋር ነኝ።

ዶሮ የማረባው ለእንቁላል ብቻ አልነበረም፤ ለመልኩም ነበር። ገበያ ላይ ሌላው ሰው ዶሮ አንስቶ ክብደቱን ሲገምት እኔ ክንፉን ዘርግቼ ላባውን አያለሁ። ገብስማ ነበረኝ፣ ወሰራ ነበረኝ፣ እግሯ እስከ ጥፍሯ ላባ የለበሰች ነጭም ነበረችኝ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አንድ ገብስማ አውራ ነበር። አናቱ ላይ እንደ ሕፃን ቁንጮ የቆመ ላባ አለው፤ የአንገቱ ላባ ደግሞ እስከ ትከሻው እንደ ካባ ይወርዳል። መንገደኛ አጥራችን ላይ ተደግፎ ያየዋል፣ የማን ነው ብሎም ይጠይቃል። እናቴ የትልቋ ልጄ ነው ስትል ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ከእኔ ነገር ሰው ቆሞ ያየው እሱን ብቻ ነው።

የእህቴ ባል ጃዊ ሰሊጥ ያርሳል። ጃዊ ቆላ ነው፤ ከእኛ ወደዚያ የወረደ ሰው ጋቢውን መንገድ ላይ ያወልቃል። መልሱ አልፎ ሊሄዱ ሲዘጋጁ እናቴ ልጇ ባዶ ግቢ እንዳትገባ አሰበችና ከዶሮዎቼ መርጬ እንድሰጣት ነገረችኝ። እህቴ ግን እኔ እስክመርጥ አልጠበቀችም። አውራውንና ሁለት ባለቁንጮ እንስቶችን በጣቷ አሳየች።

እኔ የመረጥኩላት መላጦቹን ነበር፣ አንገታቸው ላይ ላባ የሌላቸውን። ያለ ምክንያት አልነበረም። በሚያዝያ፣ ፀሐዩ ሲከር፣ አውራው ብሳናው ሥር ገብቶ ክንፉን ከጎኑ አርቆ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ጥቁር ዶሮዬም ከእሱ አትሻልም፤ ቀለሟ ፀሐይ ይስባል። መላጦቹ ግን በዚያው ሰዓት መሀል ግቢ ላይ አመድ ይጭራሉ። ዳንግላ ላይ እንዲህ ከሆነ ጃዊ ላይ ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ላባቸው ሳሳ ያለ፣ እግራቸው ባዶ የሆነ፣ ቀለማቸውም ፈካ ያለ ሁለት መላጦችና አንድ ወጣት መላጣ አውራ ይዤ ቀረብኩ።

እህቴ አይታቸው ሳቀች። በእኛ አገር ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ፀጉሯን ትላጫለች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሙሽራ ነኝ። እነዚህን የተላጩ ሐዘንተኞች ይዤ ልግባ? አማቴ ማን ሞተባችሁ ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

እናቴ እንኳን ሳቀች። እኔ ላባ የበዛበት ዶሮ ቆላ አይችልም፣ ይሞትብሻል አልኩ። ድምፄ ከወትሮው ሳይጨምር አልቀረም።

«ቀንተሽ ነው» አለችኝ።

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። ግን እናቴ ወደ መሬት አየች። ያልኩት እውነት ነበር። ቀንቼም ነበር። ሁለቱም ከአንድ አፍ ስለወጡ አንዱን ከአንዱ ለይቼ ማሳየት አልቻልኩም። ብከራከር ቅናቱ ነው የሚሰማው። ሄጄ አውራውን ያዝኩ፣ እግሩን እንዳይጎዳው በጨርቅ አሰርኩ፣ ሰጠኋት። መላጦቹንም እናቴ ለእንቁላል ይሆናሉ ብላ ጨመረችላት። እህቴ ሰው እንዳያያቸው በካርቶን ይሁኑ ብላ ተቀበለች።

ከዚያ በኋላ አጥራችን ላይ የሚቆም መንገደኛ ጠፋ። እህቴ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ወጥታ ስትደውል እናቴ ስለ ጤናዋ ትጠይቃለች፤ እኔ የምጠብቀው የአውራውን ሞት ነበር። እንዲሞት ፈልጌ አልነበረም፤ ልክ እንደነበርኩ እንድታውቅ ነው የፈለግኩት። አንድ ቀን ከባለቁንጮዎቹ እንስቶች አንዷ በሙቀት ሞተችብኝ አለች። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። አውራውስ አልኩ። አለ፣ እንዲያውም ሰው በእሱ ምክንያት እየሳቀብን ነው ብላ ስትጀምር መስመሩ ተቆረጠ።

ግንቦት ላይ እህቴ እንደ ፀነሰች ሰማንና እናቴ በርበሬና ሽሮ አስይዛ ላከችኝ። አውቶቡሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ይሞቅ ነበር። ደርሼ ግቢው ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መላጦቹን ነው። ወፍረዋል፤ በጠራራው ፀሐይ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ይጭራሉ፤ አንገታቸው ቀልቶ እንደ በርበሬ ሆኗል። አውራው ማንጎ ሥር ነበር። ከስቷል፤ ጅራቱም ወርዷል። ግን አለ።

እስካሁን ለምን እንዳልሞተ ያወቅኩት ከሰዓት በኋላ ነው። የእህቴ ባል ከእርሻ ገባ። ፊቱን እንኳን ሳይታጠብ ጀሪካን አንስቶ ማንጎው ሥር ያለውን አፈር በውሃ ረጨ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጣቱን እየነከረ የአውራውን ቁንጮ አረጠበ። አንድ ጎረቤት በአጥሩ ላይ አዩትና «ደጃዝማች ዛሬም ታጠቡ?» አሉ። እሱ አልተቆጣም፤ ገና ጥርሳቸውን አልፋቁም ብሎ መለሰላቸው። ለእኔ ደግሞ፣ አውራው ከሞተ እህትሽ አገሯን ትናፍቅብኛለች ሲል ነገረኝ። ውሃው ሩቅ ካለ ጉድጓድ በአህያ ነው የሚመጣው።

እኔ የመጣሁት ለሞተ ዶሮ ተዘጋጅቼ ነበር። ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆምኩ፤ ዓይን አፋር ስለሆንኩ መስሏቸው ተዉኝ። ያኔ የተሰማኝ ቅናት አውራውን ስሰጣት ከተሰማኝ ይበልጥ ነበር። በእህቴ አግብታ መሄድ የቀናሁት ምን እንዳገኘች ሳላውቅ ነበር፤ አሁን አየሁት።

ልመለስ ስል እህቴ ራሷ አውራውን አመጣችው።

«እትዬ፣ ውሰጂው። ልክ ነበርሽ። ጠዋት እንኳን መጮህ ትቷል።»

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። ሲመጣ ግን ምንም አልጣፈጠኝም። ባልሽ አይከፋውም ወይ አልኳት።

«እሱማ እኔ ደስ ካለኝ ደስ ይለዋል» አለች፣ እንስራው ውስጥ ውሃ አለ እንደሚባለው፣ ሳታስበው።

ባሏ ካርቶኑን በቢላዋ በስቶ ከሥሩ እርጥብ ጆንያ አነጠፈበት። አውቶቡሱ ሲነሳ እህቴ አለቀሰች፤ ለእኔ ይሁን ለአውራው አላወቅኩም። ለአፍታ፣ እሷ የምትፈልገው ነገር እኔ ጭን ላይ መሆኑ ደስ አለኝ። ደስታው ግን መንገዱን አላጋመሰም።

አውራው የዳንግላ ብርድ ሲነካው ላባውን ነፋ፤ ሳምንት ሳይሞላው መጮህ ጀመረ፤ መንገደኛውም ተመለሰ። እናቴ የልጇን ነገር በየቀኑ እየደጋገመች ትጠይቀኛለች። ሙቀቱን ነገርኳት፤ ትንኙን፣ አቧራውን፣ የውሃውን መራቅ ሁሉ ነገርኳት። እሷም ልጄን ገደል ጨመርኳት አለች።

«ባሏስ? በደንብ ይይዛታል?»

«ደህና ነው» አልኳት፣ የጀሪካኑን ነገር ለራሴ አስቀርቼ ለአውራው እህል እየበተንኩ።