የፖርቱጋል ባሕረኞች በፎቶ ቤቴ

ሆሳዕና ያለችው ፎቶ ቤቴ ብዙ ዓይነት ትእዛዝ ታስተናግዳለች። አንድ ቀን የታሪክ መምህር ያዘዘኝን ትልቅ ፎቶ እያተምኩ ነበር፤ በመርከብ ቅርጽ በተሠራ ድንጋይ ላይ የተደረደሩ የፖርቱጋል ባሕረኞች ሐውልት። ከሌሞ ገጠር ለጉርድ ፎቶ የመጡ እናት ትኩር ብለው አዩት።

«እነዚህ ምን አድርገው ነው?»

«አገር ፍለጋ በባሕር የሄዱ ናቸው፣ እማማ።»

«ሁሉም ተመለሱ?»

«ያልተመለሱም አሉ።»

«ላልተመለሱትም ተሠራላቸው?»

«አዎ» አልኳቸው።

ከመቀነታቸው የአንድ ወጣት ፎቶ አወጡ። ልጃቸው ነው፤ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቷል።

«ከነሱ ጋር አቁምልኝ» አሉኝ።

እምቢ ማለት አቃተኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ፈልጌ፣ እንደ ሌሎቹ ወደ ባሕሩ አዙሬ አቆምኩት። ተጠግተው አዩና ክንዴን ያዙኝ።

«እባክህ፣ የእኔን ወደ ቤት አዙረው።»