ብቻውን ያልታመመው ፈረስ

ዛሬ ኮምቦልቻ፣ ጋሪዎች የሚቆሙበት ቦታ፣ የእንስሳት ሐኪሙ «ይሄ ፈረስ ኮሮና ሳይዘው አልቀረም» ሲል የከበብነው ሁሉ አፋችንን ሸፈንን።

ሳቀብን። ፈረስም የራሱ ኮሮና አለው፣ ወደ ሰው ግን አይተላለፍም አለን።

ትኩሳቱን፣ ተቅማጡን፣ ገብስ እምቢ ማለቱን ሲዘረዝር በደርግ ጊዜ የታመመው የአባባ የጋሪ ፈረስ ትዝ አለኝ።

ወንድሞቼ ዘምተው ቤታችን ጭር ብሎ ነበር። ባለጋሪዎቹ «ለኛዎቹም ያጋባል» ብለው ፈረሱን ከውሃ ገንዳው ሲያባርሩት፣ አባባ ምሳቸውን ይዘው ጋጣ ገቡ።

«አባባ፣ ቤት ገብተው ይብሉ እንጂ» አልኳቸው።

«ወላሂ፣ ብቻውንማ አይታመምም!» አሉኝ። እስኪድን ድረስ ከጎኑ በሉ።

እኔን ኮሮና የያዘኝ ጊዜ ልጆቼ ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው በስልክ «አብሽሪ» አሉኝ። ሐኪም ያዘዘው ነው፣ አልተቀየምኳቸውም።

በዚያ ፈረስ ግን ቀናሁ።

እናንተስ፣ ስትታመሙ አጠገባችሁ ማን ተቀመጠ?